ለእቴጌ እሌኒ ሁለት ሺህ ላይክ

ደሴ የምሁራን ከተማ መሆኗን የሚጠራጠር ካለ ማርች 8፣ በሴቶች ቀን፣ ጠዋት ስልኩን ይክፈት። ከቧንቧ ውሃ እስከ ሸዋ በር የመካከለኛው ዘመን ሴቶች ጽሑፍ ተመራማሪ ያልሆነ ወንድ አይገኝም። ቁርስ ሳይቀመስ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የነበሩት እቴጌ እሌኒ ይለጠፋሉ። ፎቷቸው ሳይቀር አለ፤ ተኳኩለው፣ ሹሩባ ተሠርተው። ያኔ ካሜራ ከየት መጣ የሚል ምቀኛ ብቻ ነው። ከሥሩ ስለ በራስ መተማመን የሚያወራ ጥቅስ ይከተላል። ባለፈው ሳምንት ጥቅሱ የሌላ ሰው ነበር።

እኔ በበኩሌ አደንቃለሁ። ማንበብማ ማንም ያነባል። ሳያነቡ መደመም ግን ተሰጥኦ ነው።

ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንዷ ተማሪ ለጣፊውን ስትጠይቀው ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እቴጌ እሌኒ ምንድን ነው የጻፉት?»

«ኧረ ብዙ ጽፈዋል፣ የኔ ልጅ።»

«ለምሳሌ?»

«አንቺ መጀመሪያ ሼር አድርጊው።»

ይህ ነው እንግዲህ የጥናት ስልት! ደግሞም እንኳን አላነበቡ። ቢያነቡ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። የሐድያዋ ልጅ፣ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ ባለቤት፣ በኋላም የሕፃኑ የአፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩት እሌኒ በፈረንጆች 1509 ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። ስለ በራስ መተማመን አንድ መስመር የለበትም። ወሬው ሁሉ ጦርና ስንቅ ነው። ስንቁን እንደ ተራራ እንቆልላለን፣ ሰውም እንደ ባሕር አሸዋ እናሰልፋለን፤ ባሕር ላይ ግን አቅም የለንም፣ መርከቡ ከናንተ ይሁን ይላሉ። ልጆቻችንንም እናጋባ ይላሉ። ታዲያ ይሄ በምን ተአምር ጽጌረዳ ፍሬም ውስጥ ይገባል?

መልእክተኛው ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። መንገድ ላይ ሰላይ ነህ እየተባለ ስንቱን አየ። ምስኪን፣ ፎርዋርድ የሚባል ነገር አልነበረውም።

«ኆኅተ ብርሃን» እና «እንዚራ ስብሐት» የተባሉት የግእዝ ድርሰቶችም የእሌኒ ናቸው ይባላል። ግን ግእዝ ናቸው። ደግሞ ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ በጨዋነት ታልፈዋል። (ከተማው ውስጥ ግእዝ የሚያውቅ ደብተራ ሞልቷል፤ ማን ያስቸግራቸዋል?)

ሜዳ ወርዶ ያጠናም አለ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሲኬድ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት፣ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው። ሴት አይገባበትም። የሴቶችን ጽሑፍ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ተመራማሪያችን እዚያ ድረስ ሄደ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላ፣ ሰልፊ ተነሣ፣ ተመለሰ። ግኝቱ ማታውኑ ተለጠፈ።

ለከርሞ ደግሞ ወደ ውጭ ልንሻገር ነው። ክርስቲን ደ ፒዛን ተመርጣለች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በብዕሯ ያሳደገች፣ በ1405 ስለ ሴቶች ከተማ መጽሐፍ የጻፈች የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሴት ናት። እዚያ መጽሐፍ ላይ ስለ ሴት ክፉ ክፉውን የሚጽፉ ወንዶችን አንድ በአንድ ታፋጥጣለች። እኛን አይነካንም። እኛ የምንጽፈው በጎ በጎውን ነው፣ ያውም አንድ ገጽ ሳንገልጥ።