አይፒ67 የተጻፈበት የእጅ ባትሪ ለመጥለቅ አይሆንም
ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ለመጥለቅ ምን ዓይነት መብራት እንደሚሻል ለጠየቀው ወንድማችን «አይፒ67 የተጻፈበት የእጅ ባትሪ ውሃ ስለማያስገባ ይበቃል» የሚል መልስ ተደጋግሟል። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

አይፒ (IP) ዕቃው አቧራና ውሃ የሚከላከልበት ደረጃ ነው፤ አይፒ67 ማለት እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ለዝናብ፣ ለጀልባ ላይ ሥራ መልካም። ውሃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨመራል፤ ሐይቃችን ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። ውሃው የማሸጊያውን ጎማ አልፎ ከገባ መብራቱ እዚያው ታች ይጠፋል፣ ያውም በዚያ ድፍርስ ውሃ።

ከዚያ ከፍ ያለው ደረጃ አይፒ68 ቢሆንም ጥልቀቱን የሚወስነው አምራቹ ነው። ካርቶኑ ወይም መመሪያው ላይ በሜትር የተጻፈውን ተመልከቱ፤ ሜትር ካልተጻፈበት ለመጥለቅ ብላችሁ አትግዙት።