የመከላከያ ስምምነቶችን በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በአንቀጽ እናጥና

ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ሰዎች ዓለም አቀፍ የመከላከያ ስምምነቶችን የሚይዙት በስም፣ በተፈረሙበት ዓመትና በአባላት ዝርዝር ነው። ይህ ሽምደዳ ከአንድ ሁለት የምርጫ ጥያቄ በላይ አያሻግርም። ጥያቄው ጠለቅ ሲል የሚፈለገው ሌላ ነው፦ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ ምን ለማድረግ ተገድደዋል? መልሱ ያለው በውሉ ቃላት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ውሉን ራሱን ማንበብ ግድ ይላል።

ኔቶን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1949 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን የተፈረመው ውል 14 አንቀጾች ብቻ ስላሉት በአንድ ምሽት ተነብቦ ያልቃል። አንቀጽ 5 ግን በብዙ ተፈታኞች አእምሮ ውስጥ የተቀመጠው «አንዱ ከተነካ ሁሉም ይዘምታል» ተብሎ ነው። አንቀጹ እንዲህ አይልም። በአንዱ ላይ የተፈጸመ የትጥቅ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ ይወስዳል። የጦር ኃይል መጠቀም ከአማራጮቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው ግዴታ አይደለም። አንቀጽ 6 ደግሞ በጂኦግራፊ ያጥረዋል። በ1982 አርጀንቲና የፎክላንድ ደሴቶችን ስትይዝ ብሪታኒያ የኔቶ አባል ብትሆንም አንቀጽ 5 ተፈጻሚ አልነበረም፤ ውሉ የሚሸፍናቸው ደሴቶች ከካንሰር መስመር (ከምድር ወገብ በስተሰሜን ካለው የኬክሮስ መስመር) በስተሰሜን በሰሜን አትላንቲክ አካባቢ ያሉት ናቸውና። አንቀጽ 5 በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2001 በአሜሪካ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ነው።

ከዚህ ጎን የአውሮፓ ኅብረትን ውል አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 7 አስቀምጡ። አባላት ለተጠቃው አገር በሚችሉት ሁሉ የመርዳትና የመደገፍ ግዴታ አለባቸው ይላል። ቃሉ ከኔቶው ጠንከር ያለ ነው፤ ሆኖም እንደ ኦስትሪያና አየርላንድ ያሉ ገለልተኛ አገሮችን አቋም የሚጠብቅ ሐረግ አብሮት አለ። ፈረንሳይ በ2015 ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ ጠቅሳዋለች። ሁለቱን ውሎች በአንድ የጽሑፍ አንቀጽ ማነጻጸር የሚችል ተፈታኝ በድርሰት ጥያቄ ላይ ከብዙዎች ይቀድማል።

የፓስፊክ ውሎች ላይ አትቆዩ፤ ግን ልዩነታቸውን ያዙ። የ1951 የአንዙስ (የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የአሜሪካ)፣ የ1953 የአሜሪካና ደቡብ ኮሪያ፣ የ1960 የአሜሪካና ጃፓን ውሎች አባላት እንደየሕገ መንግሥታዊ ሥርዓታቸው እንዲንቀሳቀሱ ያዛሉ። የጃፓኑ የሚሸፍነው በጃፓን አስተዳደር ሥር ያለውን ግዛት ነው። የ1971 የአምስቱ አገሮች (የብሪታኒያ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የማሌዥያና የሲንጋፖር) የመከላከያ ዝግጅት ማሌዥያን ወይም ሲንጋፖርን ጥቃት ሲያሰጋቸው አምስቱ እንዲመካከሩ ብቻ ያደርጋል። የ2021ዱ ኦከስ (የአውስትራሊያ፣ የብሪታኒያና የአሜሪካ ስምምነት) ደግሞ የሰርጓጅ መርከብና የቴክኖሎጂ ትብብር እንጂ የጋራ መከላከያ ውል አይደለም፤ ከኔቶ ጋር በአንድ ረድፍ መጻፍ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ለእያንዳንዱ ስምምነት አንድ ካርድ አዘጋጁና አምስት መስመር ጻፉበት፦ ተዋዋዮቹ፣ ግዴታው በውሉ ቃል፣ የሚሸፍነው ቦታ፣ የተፈረመበትና ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። ፊርማና ሥራ ላይ መዋል ይለያያሉ፤ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ውል ለፊርማ የቀረበው በ1968፣ ጸንቶ ሥራ ላይ የዋለው በ1970 ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ብዙ ነጥብ ይጣላል፤ ያረጀ ማስታወሻ ያሳስታልና። የ1987ቱ የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል አሜሪካ በ2019 ስትወጣ አክትሟል። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ስለገቡ የኔቶ አባላት 32 ናቸው። ኒውዚላንድን በተመለከተ፣ አሜሪካ በ1986 ለእርሷ የገባችውን የአንዙስ ግዴታ አገደች እንጂ ውሉ አልፈረሰም።

በድርሰት ጥያቄ መግቢያውን በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 ጀምሩ፤ በጋራ ራስን የመከላከል መብት የሚመነጨው ከዚያ ነው። የተወሰደው እርምጃ ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት እንዲነገር የሚያዘውንም አትርሱ፤ የኔቶ አንቀጽ 5 ራሱ ይህንኑ ይደግማል።