በረኪና ያልነካው ኑሮ ምኑ ኑሮ ነው

ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ይህን እንደ ችግር የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ፈረቃ ባይኖር ይህን የመሰለ የጽዳት ወኔ ከየት እናመጣ ነበር? የሰፈሬ ስም ቧንቧ ውሃ ነው። መሳቅ ይቻላል። ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ግቢው እንደ አንድ ልብ መካሪ ብድግ ይላል። በርሜል ይሞላል። ጀሪካን ይሰለፋል። ከዚያ መታጠብ ያለበት ሁሉ ይታጠባል፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጫማ፣ ሕፃን። ውሃው አሁንም ካልሄደ መታጠብ የሌለበትም ይታጠባል።

በእኛ ግቢ መታጠብ የሌለበት ድፎ ነው።

ድፎ ሃምስተር የሚባል ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። ክብ ነው፤ ጀርባው በደንብ የበሰለ ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በካርቶን ይዞ አመጣላት። የመጣ ቀን ግቢው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ «አይጥ በገንዘብ?» አለ። ግማሹ «አይጥማ አይደለም፤ ጭራው የታለ?» አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማማ። ይሸታል።

የልጅቷ እናት በንጽሕናቸው ሰፈሩ የሚምልባቸው ሴት ናቸው። ይህን የምለው በአክብሮት ነው። የውሃ ቀን ሲደርስ የድፎን ቤት ከመደርደሪያው ያወርዳሉ። ድፎ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነሳ ፍጡር ስለሆነ በዚያ ሰዓት ድብን ብሎ ተኝቷል። በእንቅልፍ ልቡ ከአልጋው ተጎትቶ ባልዲ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ምን ያህል ደስ እንደሚለው መገመት አያቅትም። ከዚያ ጎጆው ይፈርሳል። ቀዳዶ የተኛበት ሶፍት ወደ ቆሻሻ። የተነጠፈው ወረቀት ወደ ቆሻሻ። ለክፉ ቀን ብሎ ጥግ ላይ ያከማቸው ሱፍና ገብስ ወደ ቆሻሻ። «ምግብ ይደብቃል እኮ፣ ስግብግብ!» ይላሉ እትዬ፣ ጓዳቸው ውስጥ በማዳበሪያ ጤፍ የደረደሩት። ቀጥሎ ኦሞ። ቀጥሎ የድስት ሽቦ። ቀጥሎ በረኪና፣ በልክ ሳይሆን በግምት። የደረቀ ሽንት ካለ በረኪናው ከሽንቱ ጋር ተዋሕዶ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ምን ችግር አለው? ዓይን ካላቃጠለ ጸዳ አይባልም።

በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ይታጠባል። በላርጎ። ሃምስተር ውሃ ሲነካው ጸጉሩን የሚያሞቅለት ቅባት ይታጠብና ብርድ ይገባዋል፤ ደረቅ ንጹሕ አሸዋ በሰሃን ቢሰጡት ተንከባሎ ራሱን ያጸዳል። ልጅቷ አሸዋ ስትጠይቅ ግቢው ሳቀባት። «ምነው፣ ፎቅ ልትሠሪለት ነው?»

ልጅቷ እንግዲህ ትንሽ ታስቸግራለች። አንብባለች። «እማዬ፣ እሱ ቤቱን የሚያውቀው በማየት አይደለም፣ በማሽተት ነው» ትላለች። ዓይኑ ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉት። በነሱ እየተሻሸ እዚህ እተኛለሁ፣ እዚህ እበላለሁ፣ ይሄ የኔ ነው እያለ ቤቱን ይጽፈዋል። ያን ሁሉ በአንድ ባልዲ ሲያጠፉበት እዚያው ቤቱ ውስጥ ባይተዋር ይሆናል። ስለዚህ የሚሸናበትን ጥግ ብቻ በየጊዜው በማንኪያ እናንሳ ትላለች። ንጣፉ ሲቀየርም ካልረጠበው አሮጌ ሲሶውን ወይ ግማሹን ከአዲሱ ጋር እንቀላቅልለት። ጎጆውን አንንካበት። ካከማቸው እህል ያልተበላሸውን እንመልስለት።

«ቆሻሻ አጥቤ ቆሻሻ ልመልስለት?» አሉ እትዬ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም። ባልዲውን የያዘው ያሸንፋል።

የጽዳታችን ፍሬ የሚታየው ግን ከጽዳቱ በኋላ ነው። ድፎ ወደሚያብለጨልጨው ቤቱ ይገባል። አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል። «አያችሁት? በውበቱ ተገርሞ!» ይባላል። ቀጥሎ የቤቱን ፍርግርግ በጥርሱ ነክሶ ይነቀንቃል። «ጥርሱን እየፋቀ ነው፤ ንጽሕና ተማረ!» ይባላል። ቀጥሎ ዙሪያውን እየሮጠ ጎኑን ግድግዳው ላይ ያሻሻል፣ የጠፋውን ጽሑፍ ከሀ ሊጀምር። ይሄኔ የሰው ፊት ይጨማደዳል። «እከክ ይዞታል።» አንዷ ጎረቤት ለልጇ ተገዝቶ የተረፈ የእከክ ቅባት ይዛ ከች ትላለች። ከራሱ ሽታ የተረፈችውን ጥቂት ነገር ያ ቅባት ይጨርስለታል። እጇ ይባረክ።

በጉንጩ ጉዳይ የተደረገው ምክክርም መመዝገብ አለበት። ሃምስተር ጉንጩ ውስጥ እስከ ትከሻው የሚደርስ ከረጢት አለው። ድፎ ባልዲው ሲመጣ ያገኘውን ሱፍ ሁሉ እዚያ ጠቅጥቆ ነበር። ከንብረቱ የተረፈው ያ ብቻ ነው። ጉንጩ ተነፍቶ ሲታይ ግቢው ጸጥ አለ። «ጆሮ ደግፍ ነው» አሉ አምስት ልጅ ያሳደጉ እናት። «የለም፣ ጥርሱ ነው» አሉ ሌላዋ። በሞቀ ጨርቅ ይታሰር ተባለ። ልጅቷ «እህል ነው እኮ» ብትል ማን ሰምቷት። ድፎ ራሱ አንዲት ሱፍ ከአፉ አውጥቶ ፊት ለፊታቸው እስኪፈለቅቃት ድረስ ጨርቁ ከሰል ላይ ይሞቅ ነበር።

የታጠበ ቤት ደግሞ ወዲያው አይደርቅም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራም ብርድ ለእንግዳ አያዝንም። በኅዳር ምሽት እርጥብ ቤት የገባ ሃምስተር ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ከበረታ ሰውነቱ በርዶ፣ ትንፋሹ ዘግይቶ፣ የሞተ የሚመስል እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል። ያኔ ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው እንጂ መቅበር አይደለም። እዚህ ላይ ልጅቷ ጮክ ብላ ተናግራለች፤ ግቢያችን በቀብር ጉዳይ ፈጣን ነው።

ኮምቦልቻ የሚኖሩት አጎቷ ደሴን የሚያሙበት አጋጣሚ ሲያገኙ አያሳልፉም። «ስጡኝ፣ ሞቅ ወዳለ አገር ይዤው ልውረድ» አሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጭን ላይ፣ ሬዲዮው እስከ ጥግ ተከፍቶ። ቤቱ ለጠፋበት ፍጡር አገሩንም መጨመር እንዴት ያለ ደግነት ነው! ልጅቷ አልቅሳ አስቀረችው። አጎት ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አንድ ፌስታል ጥጥ አምጥተውለታል፣ ይነጠፍለት ብለው። ጥጥ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል። ቢውጠው አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ ንጹሕ ነው። ከሰጋቱራ ይሻላል ብለውም ተከራከሩ። ሰጋቱራ አቧራው ትንፋሹን እንደሚያውክ፣ የጥድ ከሆነም ሽታው እንደሚከብደው ልጅቷም ታውቃለች። እሷ የምትመርጠው ያልታተመበት ወረቀትና ሽታ የሌለው ሶፍት ቀዳዶ መስጠት ነው። ነገሩ ርካሽ ስለሆነ የሰማት የለም።

አመሻሽ ላይ ቡና ይፈላል። የድፎ ቤት ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ የመጣው እንግዳ ጽዳቱን አይቶ እንዲያደንቅ። ዕጣን ይጨሳል። የበረኪናው ሽታ ብቻውን እንዳይሆን ሰንደል ይታከላል። ጡረታ የወጡት የታሪክ አስተማሪ ጋቢያቸውን አስተካክለው የድፎን ዘር ይቆጥራሉ። በ1930 እ.ኤ.አ. ሶሪያ ውስጥ፣ አሌፖ አጠገብ፣ ከስንዴ ማሳ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ ተያዘች። ዛሬ በየቤቱ ያለው ወርቃማ ሃምስተር አብዛኛው የነዚያ ግልገሎች ዘር ነው። እናቲቱ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ደንግጣ የገዛ ግልገሏን ገደለች። አሁንም የወለደች ሃምስተር ቤቷን ሲበረብሩባት እንዲህ ልታደርግ ትችላለች፤ ለዚህ ነው ግልገሎቹ ሁለት ሳምንት እስኪሞላቸው ቤቱ የማይታጠበው። ድፎ ወንድ ባይሆን ኖሮ ምን እናይ እንደነበር አላህ ይወቅ።

ጋሼ ይህን ሲሉ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ትምህርቱ ገባን ማለት ነው ብዬ ነበር። አረብ አገር ሠርታ የመጣችው ጎረቤት ግን ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። «ከአረብ አገር ነው? እና እስከዛሬ ዝም ትላላችሁ!» ብላ ሄዳ ዑድ አመጣች። ዑዱም ተጨመረ። ድፎ አንድ ጥግ ላይ ተጣብቆ ዓይኑን ጨፈነ። «ጣመው» ተባለ።

በረካው ሲጠጣ ይመረቃል። ወሎ አይደል? «እርጋታ ይስጥህ፣ ያሽርህ» አሉት። አሜን። እርጋታውን ለመስጠት እንኳ ብዙ አይጠይቅም ነበር። ቤቱን ከጩኸትና ከጭስ ራቅ አድርጎ ጥግ ማስቀመጥ። መደበቂያውን በነበረበት ቦታ መመለስ። አሮጌውን ንጣፍ ማስገባት። እስከ ማግሥቱ አለማንሳት፣ አለመነካካት። ማታ በራሱ ጊዜ ሲወጣ ጥቂት ሱፍ በተን አድርጎ መተኛት። ግን ይሄ ምኑ ሥራ ነው? ለዓይን አይታይም። ለጎረቤት አይወራም። «ዛሬ ሃምስተሩን ተውኩት» ብሎ የተመሰገነ ሰው አላየሁም። በረኪና የነካ እጅ ግን ይሸታል፣ ይታያል፣ ይመሰገናል።

ይህ ጸጋ የእኛ ግቢ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቅ ሰው ይመጣል ሲባል ከተማ እንዴት እንደሚጸዳ ታውቃላችሁ። የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ይቀባል። ለዓመታት ያልታየ መጥረጊያ ብቅ ይላል። የጉሊት ሴቶች ከነቲማቲማቸው ይነሳሉ። እንግዳው በመኪና መስኮት አይቶ «ጽዱ ከተማ!» ብሎ ያልፋል። በማግሥቱ ቲማቲም ሻጯ ሰፌዷን ይዛ ቦታዋን ትፈልጋለች፤ ደንበኞቿም እሷን። ቦታው ግን ንጹሕ ነው። ማማረር ከወደደች ታማርር። ኖራው ገና አልደረቀም።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ አንድ ጥቆማ ለሕዝብ ማድረስ ግዴታዬ ነው። ባለፈው ፈረቃ ድፎ ፍርግርጉን አልነከሰም። ድርቅ ብሎም አልቆመም። ገባ፣ ትንሽ አሸተተ፣ ንጣፉ ሥር ገብቶ ተኛ። እትዬ ለግቢው ሁሉ «በረኪናውን ለመደው» ብለው በኩራት አወሩ፤ በሚቀጥለው መጠኑን ሊጨምሩም አስበዋል። እኔ ግን በመስኮት አይቻለሁ። ልጅቷ ውሃው ሳይመጣ ማልዳ ተነስታ ሁለት እፍኝ አሮጌ ንጣፍና ያከማቸውን ሱፍ በፌስታል ቋጥራ ከሒሳብ ደብተሯ ሥር ትደብቃለች። እናቷ አጥበው ዘወር ሲሉ አምጥታ ከአዲሱ ንጣፍ ሥር ትጎዘጉዘዋለች። የበረኪናውን ጠርሙስም በውሃ ሳታቀጥነው አልቀረችም። ይህ ግልጽ ኮንትሮባንድ ነው። የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ ይውሰድ። ስሟን ግን አልጽፍም፤ እናቷ ያነባሉ።