የጌታን እራት ምን አጣደፈው?

እኔ የምለው፣ የጌታን እራት ማን አሳደደው? ሐዋሳ ያለችው ማኅበረ ምዕመናናችን ፕሪስቢቴሪያን ነች፤ በሽማግሌዎች የምትመራ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን። በፊት ሽማግሌዎቹ ኅብስቱን በየወንበሩ ያሳልፋሉ፣ ሁሉም ይዞ ይጠብቃል፣ አብረን እንበላለን። ጳውሎስስ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» አላለም እንዴ?

አሁን በር ላይ የታሸገች ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይሰጡሃል። ከላይ ስስ ብስኩት፣ ከታች ጭማቂ። ያለፈው እሁድ አጠገቤ ያሉ እናት ሽፋኑ አልላጥ አላቸው። «ልጄ፣ እስቲ ክፈትልኝ» አሉኝ። ጥፍሬ እስኪያመኝ ታገልኩ። ስከፍተው ጭማቂው ነጠላቸው ላይ ተረጨ፤ መድረኩ ደግሞ ማስታወቂያ ጀምሯል! የተሐድሶ መሪው ካልቪን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጄኔቫ ላይ እራቱ ቢያንስ በየሳምንቱ ይሁን ብሎ ሲለምን፣ የከተማዋ ሹማምንት በዓመት 4 ጊዜ ብለው ቆረጡበት። እኛ ደግሞ ደቂቃውን ቆረጥን።

የፈውስ ጸሎቱማ አይነሳ። ያዕቆብ 5፥14 የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ከእራቱ በኋላ ቀስ ብለው በስምህ ጠርተው ይጸልዩልህ ነበር። አሁን ረቡዕ ጠዋት ሆኗል፣ በእንግዳ አገልጋይ፣ ጆሮ በሚበጥስ ስፒከር። ሽማግሌዎቹ ወንበር ያስተካክላሉ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ የሌለው ማነው? ከአቶቴ ሰፈር ለሚመጣ በሽተኛስ የባጃጁን ማን ይከፍላል? ደግሞ ሰው ሲያለቅስ በስልክ ይቀርጹታል። ኧረ ተዉ! ቢያንስ ካሜራውን አንሱልን።