እርማት፦ አንትሮፖሎጂ አጥንት ቁፋሮ ብቻ አይደለም

«አንትሮፖሎጂ የተማረ ልጅ ከሉሲ አጥንት ሌላ ምን ያውቃል? ባሕር ዳር ላይ ማን ይቀጥረዋል?» ላልከው ወንድሜ፣ ትንሽ ላርምህ። ብዙ ሰው እንዳንተ ነው የሚያስበው። አባቴም እስካሁን አልተዋጠላቸውም።

ሉሲን በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ያገኟት የጥንተ ሰው አጥኚዎች ናቸው። እሱ የአንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰው ልጅ ጥናት፣ አንዱ ዘርፍ ነው። ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ግን ጉዳዩ በሕይወት ካለ ሰው ጋር ነው።

ከደጃችን ምሳሌ ልስጥህ። እምቦጭ አረም ጣናን ሲወር ስለ ማጨጃ ማሽን ብዙ ተወራ። የዓሣ አጥማጁ መረብስ ምን ሆነ? ከብቱን ሐይቁ ዳር የሚያሰማራው ገበሬስ? ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ሰው፣ ደንገሉ ሲመናመን በምን ይተዳደራል? ይሄን በአንድ ቀን መጠይቅ አታገኘውም። ቡና አብሮ ጠጥቶ፣ ታንኳ ላይ ወጥቶ፣ ማታ ማስታወሻ ጽፎ ነው። ፈቃድ መጠየቅ፣ የሰው ስም መጠበቅ፣ የሰሙትን ካዩት ጋር ማመሳከር፣ የሦስት ወር ጨዋታን በሁለት ገጽ ሪፖርት ማሳጠር፤ ሁሉም ሙያ ነው። የጤና፣ የቱሪዝም፣ የመስኖ ፕሮጀክት ይሄን የሚችል ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አለህ። ተማሪው ችሎታውን በስሙ መጥራት አያውቅም። ሲቪው ላይ «ጥሩ ተግባቢ ነኝ» ብሎ ያልፋል። «ዘጌ ላይ 20 ቃለ መጠይቅ ሠርቼ፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልብጬ፣ ተንትኛለሁ» ብሎ እንዲጽፍ ማለማመድ የኛ የመምህራን ሥራ ነበር። እዚያ ላይ ሰንፈናል።