የምን ነፃ ቪዚተር ነው?

ኧረ በናታችሁ ይሄን ትራፊክ ኤክስቼንጅ የሚባል፣ የሳይት ባለቤቶች አንዱ የሌላውን ሳይት እየከፈተ ቪዚተር የሚለዋወጡበትን ነገር "ነፃ ቪዚተር" እያላችሁ አትሽጡብን! ነፃው የቱ ጋ ነው? ቁጭ ብለህ የሰው ሳይት እየከፈትክ፣ ሰከንዱ ቆጥሮ እስኪያልቅ ጠብቀህ፣ ከዛ ሰው መሆንህ እንዲታወቅ ተመሳሳዩን ስዕል ክሊክ አድርገህ ክሬዲት (በቪዚተር የሚቀየር ነጥብ) ትለቅማለህ፣ ብዙዎቹ ላይ ደሞ ሁለት ሳይት አይተህ የምታገኘው አንድ ቪዚተር ነው። እሱም ቪዚተር ከተባለ! ያንተን ገፅ ከፍቶ የሚያየው ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ ነው፣ ልክ አንተም የሱን እንዳላየህለት። አናሊቲክስ (የሳይትህን ቪዚተር የሚቆጥረው) ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቷል፣ ግን ሁለተኛ ገፅ የነካ የለ፣ የሚገዛ የለ፣ ምን የለ። ጭራሽ አድሴንስ (ሳይትህ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ የሚከፍልህ የጎግል አገልግሎት) ላለው ሰው ይሄን የሚመክሩ አሉ! ጎግል እኮ አውቶሰርፍ (ሳይቶችን በራሱ እያፈራረቀ የሚከፍት) እና ክሊክ ኤክስቼንጅ (ክሊክ መለዋወጥ) ክልክል ነው ብሎ ፖሊሲው ላይ ፅፎታል፣ አካውንቱ ሲዘጋ ማን ሊያስከፍትልህ ነው? መካሪዎቹ እንደሆነ ሰው ሲመዘገብበት እነሱን የሚጠቅም ሪፈራል ሊንካቸውን ለጥፈው ሄደዋል።