እድርተኞች ሆይ፣ ድንኳኑ ይቆየን

የካዛንቺስ፣ የፒያሳ፣ የለገሃርና የሜክሲኮ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው የራሴን ድርሻ አስቀድሜ ስላነሳሁ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ጎኑ ላይ ባነር ተወጥሯል፤ ባነሩ ላይ የአንዲት ልጅ ሁለት ፎቶ አለ፤ አንዱ የተመረቀች ዕለት በጥቁር ጋዋን፣ ሌላው ፊቷ አብጦ አልጋ ላይ። ከሥሩ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ከነማኅተሙ ተለጥፏል። ሞንታርቦው «ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል፤ ወገን ድረሱላት» እያለ ይጮኻል። ልጅቱ ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። አላፊ አግዳሚው አልሰሰተም፤ ሊስትሮው ሳይቀር ሳጥኑን ከፍቶ 10 ብር አወጣ። እኔም 50 ብሬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ሜክሲኮ ሳልደርስ ረሳኋት።

እሷ ግን ሰኞ የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ መተኛት አለባት። ረቡዕም፣ ዓርብም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። የጤነኛ ሰው ኩላሊት ሌት ተቀን የሚሠራውን ሥራ፣ ማሽኑ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል እየታገለ ይሸፍናል፤ ከሳምንቱ 168 ሰዓት 12ቱን ብቻ ማለት ነው። በቀሪው የጠጣችው ውሃና የደሟ ቆሻሻ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል። የኛ ርኅራኄ የአንድ ቅዳሜ ነው፤ የእሷ ዕዳ የየሳምንቱ።

የተደራጀ ነገር የለንም አትበሉኝ። በየወሩ የሚያዋጣ፣ መዝገብ ያለው፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ የመረጠ፣ የቀረውን የሚቀጣ እድር በየሰፈሩ አለን። በ2017 ሰፈራችን ሲነሳ ገሚሱ አባል ከተማ ዳር ወጣ፤ ዛሬም ለቀብር ሁለት ሦስት ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል፣ አይቀርም። ይህን ሳይ እኮራለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ለሞተ ሰው እንዲህ የምንፈጥን ሰዎች በሕይወት ላለው የት ሄድን?

ጋሼ የምላቸው ጎረቤት ነበሩኝ። ደም ግፊታቸውን ለዓመታት ያውቁታል፤ ክኒኑን ግን ሲያማቸው ይውጡታል፣ ሲሻላቸው ይተዉታል። ለጉልበታቸው ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለውን ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይወስዱ ነበር። ኩላሊታቸው ሲደክም አልጮኸም፤ ኩላሊት ጎረቤት አይቀሰቅስም። እግራቸው አብጦ፣ ምግብ ዘግቷቸው ሲመረመሩ ጊዜው አልፏል ተባሉ።

እጥበት ጀመሩ። ግራ ክንዳቸው ላይ፣ ለማሽኑ መርፌ መግቢያ እንዲሆን ደም ቅዳና ደም መልሱን ያገናኙበት፣ ፊስቱላ የሚሉት ቦታ ነበር። አንድ ቀን ጣቴን አስነኩኝ፤ እንደተኛች ድመት ያንኮራፋል። «ይሄ ዝም ያለ ቀን እኔም ዝም አልኩ» ብለው ሳቁ። ውሃ የሚጠጡት በቡና ሲኒ እየለኩ ነበር። ክፍያው ሲከብዳቸው 3ቱን ቀን 2፣ 2ቱን 1 አደረጉት።

እኛ ታዲያ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ምን ይዘን ገባን? ሙዝና ብርቱካን! ሁለቱም ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን የበዛባቸው ናቸው። ማሽኑ እስኪደርስ እሱን ማስወጫ ለሌለው ሰው፣ ልብ ሊያቆም የሚችል ነገር በፌስታል ሞልተን። «ውሃ በደንብ ይጠጡ እንጂ» ያልንም አለን። አንዷ ጎረቤታችን እጥበቱን ትተው ጠበል ብቻ እንዲይዙ መከረቻቸው። ጠበሉን ማን ከለከለ? ግን እጥበቱን አስጥሎ የሚልክ ሰው በሌላው ነፍስ እየተወራረደ ነው።

አንድ እሁድ ልጃቸው የእድሩ ስብሰባ ላይ ቆማ ለእጥበቱ እርዳታ ጠየቀች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ደንባችን ላይ ሕክምና የሚል የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። እኔስ? እጄን አላወጣሁም።

ከ5 ወር በኋላ ጋሼ አረፉ። ገና ሳይነጋ ድንኳኑ ተተክሏል፤ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በሠልስቱ ገንዘብ ያዡ ፖስታ ለልጃቸው ሰጣት። ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችውና «ይሄ የስንት ሳምንት ነው?» አለች። ድንኳን ሙሉ ሰው ዝም አለ።

እድሩ ይደኸያል የሚሉኝ አሉ። ገባኝ፣ የአንድ ሰው እጥበት ዓመቱን ሙሉ የአንድ እድር ካዝና አይችለውም። ግን ሁሉን ካልቻልን ምንም አናድርግ ያለን ማነው? ከማሽን የተነሳ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ብቻውን ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍቶ ይመለሳል። ተራ ገብቶ ማጀብ፣ የራይድ ሒሳብ መክፈል፣ በወር የአንድ ቀን እጥበት መሸፈን ደንብ ውስጥ ቢገባ የትኛው ድንኳን ይቀደዳል?

ደግሞ ከገንዘብ የሚከብድ ነገር አለ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከሥጋ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ነው ወንድም ስልክ የሚያጠፋው። መፍራት ነውር አይደለም፤ አካል መስጠት ግድ አይደለም፣ ማንም ማንንም አንገቱን ይዞ ሊያስገድደው አይገባም። ሳይመረመሩ፣ ሐኪም ሳይጠይቁ «አንድ ኩላሊት የሰጠ ሰው አይኖርም» ብሎ ወሬ መንዛት ግን ነውር ነው። ለጋሽ መጀመሪያ ራሱ ላይ ሙሉ ምርመራ ይደረግለታል፤ ካልሆነለት አይወሰድበትም። የቀረው ኩላሊት ሥራውን ይደርባል። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ለመንታ ወንድሙ ኩላሊቱን የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል። በአብዛኛው ኩላሊት የተቀበለ ሰውም ቢሆን ተገላገለ ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ እንግዳውን ኩላሊት እንዳይገፋው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይውጣል። ቢሆንም ውሃውን በሲኒ አይለካም።

በቴሌግራም «ኩላሊት የሚሸጥ» እያላችሁ የምታፈላልጉ፣ እናንተን ምን ልበላችሁ? ሕጉ ይከለክላል፤ የምትገዙት ደግሞ የተቸገረ ሰው ሆድ ነው።

የደም ግፊታችሁንና የስኳራችሁን ነገር አላራዝምም፤ ኩላሊትን በብዛት የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ግፊት መለካት ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን፣ ክሬቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የኛ እድር የሚቀጥለው ስብሰባ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አጀንዳው «የአዲስ ድንኳን ግዢ» ይላል። ከሱ በፊት የምናገረው አለኝ ብዬ ለጸሐፊው ነገርኩት። «አጭር ይሁን» አለኝ።